ባለ 21 ዋት ታጣፊ ሶላር ቻርጀር፦ እጥፍ ዋጋ የተከፈለው ለምንድን ነው?

የማነጻጽራቸው ሁለት ቻርጀሮች መለያቸው ላይ «21 ዋት» ይላል፤ ሁለቱም እንደ መጽሐፍ የሚታጠፉ ባለ ሦስት ገጽ ፓነሎች ናቸው። የአንዱ ዋጋ ግን የሌላው እጥፍ ነው። ለወራት ጎን ለጎን ሲሠሩ ልዩነታቸው የታየው ገዢ ቀድሞ በሚያየው በዋቱ ላይ አልነበረም።

አዲስ ሳሉ፣ ሰማይ ጥርት ባለበት እኩለ ቀን በዩኤስቢ መለኪያ (በቻርጀሩና በስልኩ መካከል ተሰክቶ ቮልትና አምፒር በሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ) ሲለኩ ውዱ 14 ዋት፣ ርካሹ 13 ዋት ገደማ ሰጡ። «ሰባት ዋት ተሰረቅሁ» የሚል ይኖራል፤ አልተሰረቀም። የመለያው ቁጥር የሚለካው በቤተ ሙከራ፣ ብርሃኑ በካሬ ሜትር 1000 ዋት፣ የሴሉ ሙቀት 25 ዲግሪ ሆኖ ነው። ፀሐይ ላይ የተዘረጋ ጥቁር ፓነል በቀላሉ 60 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሴሎቹ የተሠሩበት ሲሊከን ደግሞ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር 0.4 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል። በ35 ዲግሪ ልዩነት 14 በመቶው በሙቀት ብቻ ሄደ ማለት ነው። የቀረውን መቆጣጠሪያው፣ ኬብሉና አቀማመጡ ይካፈሉታል። የመለያውን ሁለት ሦስተኛ የሚሰጥ ፓነል ደህና ፓነል ነው።

ትርፉ ገንዘብ በአብዛኛው የገባው ከጀርባ ባለችው ትንሽ ሳጥን፣ ማለትም በመቆጣጠሪያው ውስጥ ነው። ደመና ሲጋርድ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ስልኩም የሚስበውን አምፒር ይቀንሳል። ደመናው ካለፈ በኋላ ግን ብዙ ስልኮች በራሳቸው ወደ ቀድሞው አይመለሱም። የውዱ መቆጣጠሪያ ብርሃኑ ሲመለስ መስመሩን ለአፍታ ቆርጦ ይቀጥለዋል፤ ስልኩም አዲስ ቻርጀር የተሰካ መስሎት ሙሉ አምፒር ይጠይቃል። ርካሹ ይህ የለውም። በ5 ቮልት 0.2 አምፒር፣ ማለትም በ1 ዋት ብቻ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይንፏቀቃል፤ አጠገቡ ሆኖ ኬብሉን ነቅሎ የሚሰካ ሰው ካልተገኘ ቀኑ ባከነ። በእኔ ግምት ደመና ለሚበዛበት አካባቢ የዋጋውን ልዩነት ይህ ብቻ ያካክሳል።

ሽፋኑም ይለያያል። የርካሹ ፒኢቲ ፕላስቲክ ወደ ብጫነት ሄዷል፣ ጠርዙም አየር ቋጥሯል፤ አሁን በተመሳሳይ ፀሐይ 10 ዋት ከሰጠ ጥሩ ነው። የውዱ ኢቲኤፍኢ የተባለ ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ሽፋን ጭረት ቢኖረውም ቀለሙ አልተለወጠም። የሁለቱም ደካማ ጎን መታጠፊያው ነው፦ በገጾቹ መካከል የሚያልፈው ሽቦ በመታጠፍ ብዛት ይበጠሳል። ገጾቹ በትይዩ ከተገናኙ አንዱ ቢሞትም ሌሎቹ ስለሚሠሩ ብልሽቱ በዓይን አይታይም። መለኪያውን ሰክቶ እያንዳንዱን ገጽ በየተራ በጨርቅ መሸፈን ነው፤ ሲሸፈን ንባቡን ያልቀነሰው ገጽ ሞቷል።

ውዱም እንከን አያጣም። ክብደቱ ይበዛል፣ የስልክ ኪሱ ደግሞ ከፓነሉ ጀርባ ስለሆነ ስልኩ እዚያ ይግላል። ረዘም ያለ ኬብል ተጠቅሞ ስልኩን ጥላ ሥር ማኖር ይሻላል፤ ግን ሽቦው ወፍራም ይሁን፣ ቀጭንና ረጅም ኬብል ቮልቴጅ ይጥላል።

ጀርባቸው ላይ ትንሽ ፓነል የተለጠፈባቸውን ፓወር ባንኮች እርሷቸው። ባለ 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ በ3.7 ቮልት 37 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ያቺ ፓነል 1.5 ዋት ብትሰጥ እንኳ 25 ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ ትፈልጋለች። በዚያ ላይ ሊቲየም ባትሪን ፀሐይ ላይ ማስጣት ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ይልቅ ታጣፊ ፓነልና ተራ ፓወር ባንክ ለየብቻ ይገዙ፦ ቀን ፓወር ባንኩን፣ ማታ ስልኩን መሙላት።

በዓመት አንዴ ሁለቴ፣ በበጋ ብቻ ለሚጠቀም ርካሹ ይበቃል። በየቀኑ ለሚሠራበት እጥፉን መክፈል ያዋጣል፤ ሆኖም ዋጋው መወደዱ ብቻ ማረጋገጫ ስላልሆነ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ይፈተን። ፓነሉን ፀሐይ ፊት ለፊት ያቁሙት፤ ገጹ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ እርሳስ ጥላ ካልጣለ አንግሉ ትክክል ነው። ግማሽ የጎደለ ስልክ ሰክተው አምፒሩን ይመዝግቡ። ከዚያ ፓነሉን በሙሉ ለአንድ ደቂቃ ጋርደው ይግለጡት፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አምፒሩ ወደተመዘገበው ካልተጠጋ፣ ዋጋው ምንም ይሁን፣ ይመልሱት።