ባትሪ ተቀይሮም «የቁልፍ ባትሪ ዝቅተኛ ነው» ለሚላችሁ፦ ምስጋና ለአንድ ቁልፍ ሠሪ

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን የምጽፈው አንድም ለማመስገን፣ አንድም ያው ችግር ላለባችሁ ለመጠቆም ነው። መገናኛ አካባቢ በአንዲት ኮንቴይነር ሱቅ ውስጥ የመኪና ቁልፍ የሚሠራ ወንድማችን አለ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ እጁን ይባርከው። አዲስ ባትሪ ገብቶ እንኳ ከዳሽቦርዱ አልጠፋ ያለውን የቁልፍ ባትሪ ማስጠንቀቂያ አንድም አዲስ ዕቃ ሳይሸጥ አጠፋው።

መኪናዋ ስማርት ቁልፍ (ከኪስ ሳይወጣ በሩን የሚያስከፍትና መኪናውን የሚያስነሣ) ያላት ቶዮታ ናት። ከእሱ በፊት የታየችባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም፤ ግን ሌላው ሰው ገንዘቡን እንዳይበላ የሆነውን ልናገር። አንዱ ጋ ባትሪ ይቀየራል፣ ማስጠንቀቂያው ለጥቂት ቀን ይጠፋና ተመልሶ ይበራል። ሌላው ጋ «ያ ኮፒ ነው፣ ኦርጅናሉ ይኸው» ተብሎ በእጥፍ ዋጋ ሌላ ይገባል፤ እሱም እንደ መጀመሪያው። አንዱ ቁልፉን ከፍቶ እንኳ ሳያይ «ሞቷል፣ አዲስ ተገዝቶ ፕሮግራም መደረግ አለበት» አለ። የመኪናውን ትልቁን ባትሪ ነቅሎ መልሶ ገጥሞ «ኤረሩን አጥፍቼዋለሁ» ያለም አለ። ባትሪዬ ደክሟል ብሎ የሚናገረው ቁልፉ ራሱ ነው፤ መኪናው ከቁልፉ የሰማውን ነው የሚያሳየው። ታዲያ የመኪናውን ባትሪ መንቀል ምን ይፈይዳል? ከሁሉም የሚያናድደው ግን አንዳቸውም ቴስተር (የቮልት መለኪያ) አለማንሳታቸው ነው። ሁሉም በግምት ሸጡ፣ ሁሉም ገንዘብ ተቀበሉ።

ይህ ባለሙያ ቁልፉን እንደተቀበለ መጀመሪያ የጠየቀው «ሁለተኛው ቁልፍ የት ነው?» ብሎ ነው። ነገሩ እውነት ነው። በብዙ መኪኖች ማስጠንቀቂያው የየትኛው ቁልፍ እንደሆነ አይናገርም። መለዋወጫው ቁልፍ መኪናው ውስጥ፣ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ከሆነ፣ የሚያስጠነቅቀው የሱ ባትሪ ሊሆን ይችላል፤ እናንተ ግን በእጃችሁ ያለውን ስትቀያይሩ ትከርማላችሁ። ስለዚህ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለተኛውን ቁልፍ ከመኪናው አርቃችሁ ሞክሩ። የእኛው ግን ቤት ነበር፤ ችግሩ ሌላ ነው።

ቀጥሎ ያደረገውን በዝርዝር ልጻፈው፣ ምክንያቱም ዕውቀቱ እዚህ ላይ ነው። ቁልፉን ከፈተና ቴስተሩን ባትሪዋ ላይ አደረገ፦ 3.2 ቮልት። አዲስ የሊቲየም ባትሪ ሳይሠራ 3.2 ወይም 3.3 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ «ባትሪው ጥሩ ነው፣ እንግዲህ የተበላሸው የቁልፉ ኤሌክትሮኒክ ቦርድ ነው» ይል ነበር። እሱ ግን የመቆለፊያውን በተን ተጭኖ ይዞ እንደገና ለካ። ይህ ወሳኝ ነው፤ እንዲህ ያለ ባትሪ አብዛኛውን ዕድሜውን 3 ቮልት አካባቢ እያሳየ ይቆይና ሥራ ሲበዛበት ነው የሚወድቀው። ሳይሠራ የተለካ ቮልት ብቻውን ያታልላል። ባትሪዋ ላይ በተኑ ተጭኖም ከ3 አልወረደችም። ከዚያ አንዱን የቴስተር ጫፍ ከባትሪዋ አንሥቶ ባትሪዋን የምትነካው የብረት ምላስ ከቦርዱ ጋር የተበየደችበት ላይ አደረገው። በተኑን ሲጫን 2.5! ቴስተሩን ወደኔ አዞረና «አየህ፣ ባትሪው እየሰጠ ነው፣ ቦርዱ ግን አይደርሰውም» አለኝ። መሐል ላይ ያለችው ምላስ ተጨፍልቃለች፣ ቆሽሻለችም። ከዚህ በፊት በካቻቢቴ ባትሪ እየፈነቀሉ ያወጡት ናቸው ያጣመሟት። አዲስ ባትሪ በገባ ቁጥር ምላሷ ስለምትፋተግ ለጊዜው ትነካለች፣ ማስጠንቀቂያው ይጠፋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል።

አሠራሩም ቀላል ነበር፣ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምላሷንና ሌላኛዋን መነካኪያ ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በነከረው የጆሮ ጥጥ ጠረገ። የብርጭቆ ወረቀት አልነካም፤ ብረቱ ላይ ያለውን ቅብ ስለሚያነሣው ቶሎ ይዝጋል። ከዚያ በወረንጦ ጫፍ ምላሷን ቀስ አድርጎ ከፍ አደረጋት፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ። ብዙ ከታጠፈች ትሰበራለች። ባትሪዋን ጠርዝና ጠርዟን በጣቱ ይዞ መለሳት፤ ሁለቱን ገጽ በጣት መዳበስ ቅባት ይተዋል፣ በብረት ወረንጦ ሁለቱን ገጽ መያዝ ደግሞ ሾርት ያደርጋታል። የመደመር ምልክቱን አቅጣጫ አይቶ ገጠመ፣ በተኑን ተጭኖ እንደገና ለካ፦ አሁን ባትሪዋም ቦርዱም 3 ቮልት።

ቁልፋችሁን ራሳችሁ የምትከፍቱ ከሆነ ስለ ባትሪው ቁጥር አንድ ነገር እወቁ። ሲአር 2032 ማለት 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነው። 2025 ውፍረቱ 2.5፣ 2016 ደግሞ 1.6 ነው። ሦስቱም 3 ቮልት ስለሆኑና ስፋታቸው ስለሚመሳሰል አንዳንድ ሱቅ «ያው ነው» ብሎ ይሰጣል። ያው አይደለም። ቀጭኑ ይላላል፣ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ይለቃል። የሲጋራ ፎይል አጣጥፎ መደገፍም ሾርት ያመጣል፣ አታድርጉት። የቶዮታ ስማርት ቁልፎችም አንድ ዓይነት አይወስዱም፤ አንዳንዱ 1632፣ አንዳንዱ 2032፣ አዳዲሶቹ 2450 ናቸው። አሮጌው ባትሪ ጀርባ ላይ ያለውን ቁጥር አንብባችሁ ግዙ። ሕፃናት እንዳይውጡት መራራ ቅብ የተቀባ ባትሪም አለ፤ ቅቡ አንዳንድ ዕቃ ላይ መነካካቱን ይከለክላል፣ ስለዚህ አዲስ ባትሪ ገብቶ ካስቸገረ እሱንም ጠርጥሩ።

ስለ አቀማመጥም ጠይቆ መከረ። ስማርት ቁልፍ ከመኪናው አጠገብ ከዋለ ሁልጊዜ ከመኪናው ጋር ይነጋገራል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ከቴሌቪዥን፣ ከኮምፒውተር፣ ከስልክ ቻርጀርና ከኢንደክሽን ምድጃም ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። መኪናው ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ ብዙዎቹ የቶዮታ ቁልፎች ባትሪ መቆጠቢያ አላቸው፤ የመቆለፊያውን በተን ይዞ መክፈቻውን ሁለት ጊዜ መጫን፣ የቁልፉ መብራት 4 ጊዜ ብልጭ ይላል። በዚህ ጊዜ ስማርት ሥራው ይቆማል፤ ከበተኖቹ አንዱን ሲጫኑ ይመለሳል።

መንገድ ላይ ባትሪው ጨርሶ ቢሞትም አትደንግጡ። ቁልፉ ውስጥ የተደበቀችውን የብረት ቁልፍ መዝዛችሁ በሩን ክፈቱ፣ ፍሬን ርገጡ፣ የቶዮታ አርማ ያለበትን ገጽ ወደ ስታርት በተኑ አስጠጉ፣ ድምፅ ሲያሰማ በተኑን ተጫኑ። ይነሣል።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ግን መጨረሻ ላይ ያደረገው ነው። በእጥፍ ዋጋ የተገዛችውን ባትሪ አውጥቶ አዲስ ሊሸጥልኝ ይችል ነበር፤ አልጠረጠርም ነበር። እሱ ግን «ይቺ ጤነኛ ናት፣ ገና ትሠራለች» ብሎ እሷኑ መለሰልኝ፣ የጠየቀውም የእጁን ብቻ ነው። አብረውኝ የነበሩትን አሮጌ ባትሪዎች ሳይቀር ግራና ቀኛቸውን በፕላስተር ጠቅልሎ «ቤት ልጅ ካለ እንዲህ ሳታደርግ አትጣል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሕፃን ልጅ ቢውጠው በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጉሮሮን ክፉኛ ያቃጥላል፣ ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ባለጉዳይ ተሰልፎ እየጠበቀው ይህን ለመምከር ጊዜ ያገኘ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ ይብዛልን።

ስልኩን ሳላስፈቅድ እዚህ መለጠፍ አልፈለግኩም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ የሱቁን ቦታ እነግራለሁ። «አዲስ ቁልፍ ግዙ» የተባላችሁ ሰዎች በተለይ፣ እባካችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እሱ ጋ ሂዱ። ስትሄዱ ሁለቱንም ቁልፍ ያዙ።