ሃይ ስፒድ ወይስ ካርባይድ? ለፍሬዛችሁ የትኛው ከተር ይሻላል

ፍሬዛ ብረትን በሚዞር ጥርስ የሚቆርጥ ማሽን ነው፤ ከተር የምንለው ያንን ጥርስ ያለውን መቁረጫ ነው። ከተሩ ሃይ ስፒድ ከሚባል ብረት ወይም ይበልጥ ጠንካራ ግን ተሰባሪ ከሆነው ካርባይድ ይሠራል። ብዙ ጀማሪ ካርባይድ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ ይገዛዋል። እኔ መጀመሪያ የማየው ማሽኑን ነው። 10 ሚሊ ሜትር የሃይ ስፒድ ከተር ለስላሳ ብረት ሲቆርጥ በደቂቃ 800 ዙር ገደማ ይበቃዋል፤ በዚያው ውፍረት ያለ ካርባይድ 3,000 አካባቢ ይፈልጋል። አሮጌ ፍሬዛ ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም። ጠረጴዛው ከላላና ከተንቀጠቀጠ ደግሞ የካርባይዱ ጥርስ ይሸረፋል። ሃይ ስፒዱ ንዝረቱን ይችላል፣ ሲደነዝም በቀላሉ ይሳላል።

ማሽኑ ፈጣንና ጠንካራ ከሆነ፣ ወይም የሚቆረጠው ብረት ሙቀት ተሰጥቶት የጠነከረ ከሆነ፣ ያለ ጥርጥር ካርባይድ። ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ለሃይ ስፒድ በብሩሽ ጠብ ማድረግ ይጠቅማል፤ የጋለ ካርባይድ ላይ አልፎ አልፎ ካፈሰሳችሁ ይሰነጠቃል። ወይ ሳይቋረጥ ይፍሰስ፣ ወይ በደረቁ ይቆረጥ።

ሁለቱም በኮሌት (እጀታውን ዙሪያውን በሚጨብጥ መያዣ) ይታሰሩ እንጂ በድሪል ቻክ (በመሰርሰሪያ መያዣ) በፍጹም! ቻክ የተሠራው ወደ ታች ለሚገፋ ሥራ ነው፤ የጎን ግፊት ሲመጣ ይላላል፣ ከተሩም እየተሳበ ይወጣል። ከተሩን ስትፈቱ እጀታውን ብርሃን ላይ አዙራችሁ እዩት፦ ቀለበት የመሰለ አዲስ ጭረት ካለ ተንሸራቷል ማለት ነው፤ ኮሌቱን አጽዱ ወይም ቀይሩ። ስፒንድሉ (ከተሩን የሚያዞረው ዘንግ) እየዞረ ጓንት አይደረግም፤ ጨርቁን ከያዘው እጅን ይዞ ይገባል። ፍቅፋቂውም ማሽኑ ከቆመ በኋላ በብሩሽ ይጠረግ። መነጽር ለሁለቱም ግዴታ ነው፤ የካርባይድ ስባሪ እንደ ጠርሙስ ይበተናል።

ለመጀመሪያ ግዢ እኔ ሁለት ሃይ ስፒድ፣ 6 እና 10 ሚሊ ሜትር፣ ከጥሩ ኮሌት ጋር እመርጣለሁ።