የአኳሪየም የመረብ ክዳን፦ ዓሣው «ራሱን ሲያጠፋ»

ወለል ላይ ደርቆ የተገኘ ዓሣ «ራሱን አጠፋ» ይባልለታል። አላጠፋም፣ ዘሏል። ዓሣ ሞትን እንደሚመርጥ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ዝላይ ከጠላትና ከተበላሸ ውሃ ማምለጫው ነው፤ ኪሊፊሽ ከሚባሉት ትንንሽ ዓሦች አንዳንዱ እንዲያውም ከኩሬ ወደ ኩሬ የሚሻገረው በዝላይ ነው። ከመስተዋቱ ማዶ ግን ኩሬ የለም።

በአሉሚኒየም ፍሬም ላይ ራሳችሁ የምትወጥሩት የመረብ ክዳን ለዚህ ጥሩ መፍትሔ ነው። የ6 ሚሊሜትር ቀዳዳ ቤታ ለሚባለው ባለ ረጅም ክንፍ የቤት ዓሣ ይበቃል፤ ለትንንሽ ኪሊፊሽ ግን ሰፊ ስለሆነ 3 ሚሊሜትሩን ውሰዱ። መረቡን በየጎኑ 3 ሴንቲሜትር አትርፋችሁ ቁረጡና መረቡን በፍሬሙ ቦይ ውስጥ የሚይዘውን የጎማ ገመድ ከመሃል ወደ ጥግ እየጫናችሁ አስገቡት። ከመጠን በላይ ከተወጠረ ፍሬሙ ወደ ውስጥ ይጎብጥና ጠርዙ ላይ ክፍተት ይከፈታል። ዋናው ድክመት የፊልተሩ ቱቦ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው፤ ዓሣ ሲጠፋ መጀመሪያ እዚያ እዩ፣ በስፖንጅም ድፈኑት።

የመረብ ክዳን አየርና ብርሃን እንደልብ ያስገባል፣ ውሃው ግን ቶሎ ይተናል።

ዝላዩ ከቀጠለ ከክዳኑ ይልቅ ውሃውን መርምሩ፦ ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያም ናይትራይትም፣ ዜሮ መሆን አለባቸው። ውሃው ደህና ከሆነ የሚያሳድድ ጎረቤት ወይም በጨለማ በድንገት የሚበራ መብራት ሊሆን ይችላል። አሮዋና ለሚባለው ትልቅ ዘላይ ዓሣ ግን ይህ ክዳን አይሆንም፤ ክዳኑን በጭንቅላቱ ያነሳዋል።