ኦብጅኮፒ፣ ኤልኤልቪኤም-ኦብጅኮፒ ወይስ ኦብጅኮንቭ? የኦብጀክት ፋይል መቀየሪያዎች ንጽጽር

ኮምፓይል የተደረገ ፋይልን ከአንድ ፎርማት ወደ ሌላ የሚቀይር መሣሪያ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚመለከተው የሚደገፉ ፎርማቶችን ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ያሳስታል። መቅደም ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው፦ ፋይሉ ሊንክ ተደርጎ (ክፍሎቹ ወደ አንድ ፕሮግራም ተያይዘው) አልቋል ወይስ ገና ነው?

ሊንክ ባለቀ ፋይል ውስጥ አድራሻዎቹ ሁሉ ተወስነዋል። መቀየር ማለት ባይቶቹን አውጥቶ በሌላ መያዣ ውስጥ ማስቀመጥ ስለሆነ የትኛውም ጥሩ መሣሪያ ይወጣዋል። ሊንክ ያልተደረገ ኦብጀክት ፋይል ግን ሪሎኬሽኖችን ይዟል፤ ሊንከሩ (ክፍሎቹን የሚያያይዘው ፕሮግራም) የትኛው ቦታ ላይ የማንን አድራሻ እንደሚሞላ የሚነግሩ መዝገቦች ናቸው። ኤልፍ (የሊኑክስ)፣ ኮፍ (የዊንዶውስ) እና ማክ-ኦ (የማክ) ፎርማቶች እነዚህን የሚጽፉት በተለያየ መንገድ ነው። ለምሳሌ በ64 ቢት ኢንቴል ላይ፣ ኮፍ አንጻራዊ አድራሻን የሚቆጥረው ከሚሞላው ባለ 4 ባይት ቦታ መጨረሻ ሲሆን ተደማሪውን ቁጥር የሚያስቀምጠው እዚያው ኮዱ ውስጥ ነው። ኤልፍ ደግሞ ከቦታው መጀመሪያ ይቆጥራል፣ ተደማሪውንም በሪሎኬሽን መዝገቡ ውስጥ ለብቻው ይይዛል። ስለዚህ ተራ የፈንክሽን ጥሪ በኤልፍ ውስጥ −4 ተጽፎበት ታገኙታላችሁ፤ በኮፍ ውስጥ 0። ይህን ሳያስተካክል የሚገለብጥ መሣሪያ እያንዳንዱን ጥሪ በ4 ባይት ያዛንፈዋል።

የግኑ ኦብጅኮፒ መመሪያ ራሱ ይህን በግልጽ ይናገራል፦ ሊንክ ያለቀ ፋይልን በየትኞቹም ሁለት ፎርማቶች መካከል መገልበጥ መቻል አለበት፤ ያልተሊነከ ኦብጀክት ግን እንደተጠበቀው ላይሆን ይችላል። ምርጫው ከዚህ ይጀምራል።

ለማይክሮኮንትሮለር ፍላሽ የሚጫን ፋይል

ሥራችሁ ኤልፍን ወደ ጥሬ ባይነሪ፣ ወደ ኢንቴል ሄክስ ወይም ወደ ሞቶሮላ ኤስ-ሪከርድ መቀየር ከሆነ ግኑ ኦብጅኮፒ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ነጻ ነው፣ ቢንዩቲልስ ከሚባለው የግኑ መሣሪያዎች ስብስብ ጋር ይመጣል፣ ሦስቱንም ይጽፋል። ትእዛዙ አጭር ነው፦ «--አውትፑት-ታርጌት=» ብላችሁ «ባይነሪ»፣ «አይሄክስ» ወይም «ኤስሬክ» ትጽፋላችሁ፤ ቀጥሎ የመነሻውን ፋይል ስም፣ በመጨረሻም የውጤቱን። የውጤቱን ስም ከረሳችሁ መሣሪያው የመነሻውን ፋይል ራሱን ይተካዋል። ሲምቦሎች (የፈንክሽንና የተለዋዋጭ ስሞች) እና ስህተት ለመፈለግ የሚያገለግለው የዲበግ መረጃ በባይነሪ ውስጥ ስለማይቀሩ የኤልፍ ፋይሉ ያለ መጠባበቂያ ይጠፋል። የኤልኤልቪኤም-ኦብጅኮፒም ጠባይ ይኸው ነው።

በጣም የተለመደው ችግር የባይነሪው መጠን ያለ ልክ መተለቁ ነው። ባይነሪ ፎርማት አድራሻ አይጽፍም፤ ከዝቅተኛው የመጫኛ አድራሻ እስከ ከፍተኛው ያለውን ሁሉ በተርታ ያወጣል። ፍላሹ በሄክስ 08000000፣ ራሙ 20000000 ላይ በሚጀምር ቺፕ ላይ አንድ መነሻ ዋጋ ያለው የዳታ ሴክሽን (የፋይሉ ክፍል) የመጫኛ አድራሻው በስህተት ራም ላይ ከወደቀ፣ ጥቂት ኪሎባይት የነበረው ፕሮግራም ከ384 ሜጋባይት በላይ ይሆናል፤ አብዛኛው ዜሮ። መሣሪያ ብትቀይሩ አይድንም፤ ጥፋቱ ያለው ሴክሽኖቹ የት እንደሚቀመጡ በሚወስነው የሊንከር ስክሪፕት ላይ ነው። የፋይሉን ይዘት በሚያሳየው ኦብጅደምፕ «--ሄደርስ» አማራጭ የሴክሽኖቹን ሰንጠረዥ አውጡና የመጫኛ አድራሻውን ዓምድ ተመልከቱ፤ ፍላሽ ክልል ውስጥ ያልሆነው ሴክሽን ወዲያው ይታያል። ስክሪፕቱ ላይ ያን ሴክሽን በራም እንዲሠራ፣ በፍላሽ እንዲጫን አድርጉት። «--ሪሙቭ-ሴክሽን» ብሎ መቁረጥ ፋይሉን ያሳንሰዋል፤ ነገር ግን የተለዋዋጮቹ መነሻ ዋጋም አብሮ ይሄዳል፣ ፕሮግራሙም በቆሻሻ ዋጋ ይነሳል።

በሴክሽኖች መካከል ያለ ትንሽ ክፍተት ደግሞ በዜሮ ይሞላል። የተደመሰሰ ፍላሽ በአብዛኛው የሚነበበው 255 ሆኖ ስለሆነ፣ ሙሉ ፍላሹን የሚያረጋግጥ ፕሮግራመር (ፍላሹ ላይ የሚጽፍ መሣሪያ) ካላችሁ «--ጋፕ-ፊል»ን በ255፣ «--ፓድ-ቱ»ን ደግሞ በፍላሹ መጨረሻ አድራሻ ጨምሩ።

ከባይነሪና ከሄክስ የቱ ይሻላል ለሚለው፣ የሚጭነው ፕሮግራም ከተቀበለ ሄክስን ምረጡ። ኢንቴል ሄክስ በየመስመሩ አድራሻና የማረጋገጫ ባይት ስላለው በተሳሳተ ቦታ የመጫን ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ክፍተቶችንም መጻፍ አያስፈልገውም። ኤስ-ሪከርድም እንዲሁ ነው፤ የአድራሻው ስፋት ግን በመስመሩ ዓይነት ይለያል፦ ኤስ1 16 ቢት፣ ኤስ2 24 ቢት፣ ኤስ3 32 ቢት። አንዳንድ አሮጌ ጫኚዎች የሚቀበሉት ኤስ3ን ብቻ ስለሆነ ግኑ ኦብጅኮፒ ይህን የሚያስገድድ አማራጭ አለው።

ኤልኤልቪኤም-ኦብጅኮፒ መቼ ይሻላል?

ጥንካሬው አንዱ ቅጂ የብዙ ፕሮሰሰሮችን ኤልፍ ማንበቡ ነው። ከሊኑክስ ስርጭቶች ጋር የሚመጣው ግኑ ኦብጅኮፒ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው የራሱን ማሽን ቤተሰብ ስለሆነ የአርም ፋይል ሲሰጡት የፋይሉን ፎርማት ማወቅ አልቻልኩም ብሎ ይቆማል። ያኔ ለአርም የተዘጋጀውን ቅጂ ለብቻው መጫን ግድ ነው። የግኑው ቅጂ የሚያውቃቸውን ፎርማቶች ለማየት «ኦብጅደምፕ --ኢንፎ» ይበቃል። በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ለሦስትና ለአራት ዓይነት ቺፕ የምትገነቡ ከሆነ የኤልኤልቪኤሙ ብዙ ጣጣ ይቀንሳል። ማክ-ኦ፣ ኮፍ እና ዌብአሴምብሊ ፋይሎችንም በየራሳቸው ፎርማት ውስጥ ያስተካክላል፤ ከኤልፍ ወደ ኮፍ ግን አይቀይርም።

የአማራጮቹ ስም አንድ ስለሆነ ሁለቱ በሁሉም ነገር ይተካካሉ ብሎ ማሰብ ትልቅ ስህተት ነው። «--ስትሪፕ-ኦል» በኤልኤልቪኤም ላይ ከሲምቦሎቹ በተጨማሪ ወደ ማስታወሻ የማይጫኑትንና በሴግመንት (አብረው በሚጫኑ ሴክሽኖች ስብስብ) ውስጥ የሌሉትን ሴክሽኖች ከጥቂቶች በስተቀር ያስወግዳል። የግኑውን ጠባይ የምትፈልጉ ከሆነ «--ስትሪፕ-ኦል-ግኑ» የሚባለው አለ። የስሪት መረጃ በራሳችሁ ሴክሽን ውስጥ የምታስቀምጡ ሰዎች ይህን ልብ በሉ። «--ጋፕ-ፊል» እና «--ፓድ-ቱ» የገቡትም ዘግይተው በስሪት 18 ሲሆን የሚሠሩት ከኤልፍ ወደ ባይነሪ ብቻ ነው። አሮጌ ቅጂዎቹ ኤስ-ሪከርድ አይጽፉም።

ምስል ወይም ፎንት ወደ ፕሮግራም ለማስገባት ሁለቱም ጥሬ ፋይልን ወደ ኦብጀክት ይቀይራሉ፤ መጀመሪያውን፣ መጨረሻውንና መጠኑን የሚጠቁሙ ሦስት ሲምቦሎች ይፈጥራሉ። የሲምቦሎቹ ስም የሚወጣው ትእዛዙ ላይ ከጻፋችሁት የፋይል መንገድ ስለሆነ ከሌላ ማውጫ ሆናችሁ ስትገነቡ ስሙ ይለወጥና ሊንከሩ አላገኘሁም ይላል። መጠኑንም መጨረሻውን ከመጀመሪያው ቀንሳችሁ አስሉ፤ የመጠኑ ሲምቦል ቁጥሩን የሚይዘው በአድራሻው እንጂ በይዘቱ አይደለም፣ እንደ ተራ ተለዋዋጭ ያነበበው ሰው የተሳሳተ ቁጥር ያገኛል።

ያልተሊነከ ኦብጀክት፦ የኦብጅኮንቭ ቦታ

የአግነር ፎግ ኦብጅኮንቭ በዚህ ሥራ ከሁለቱም ይበልጣል። የ32 እና የ64 ቢት ኢንቴል ኦብጀክቶችንና ስታቲክ ላይብረሪዎችን በኮፍ፣ በኤልፍ እና በማክ-ኦ መካከል ሪሎኬሽኖቹን ጭምር ተርጉሞ ይቀይራል፤ ኦኤምኤፍ የሚባለውን አሮጌ ፎርማትም ያውቃል። የሲምቦል ስሞች መጀመሪያ ላይ ያለውን የግርጌ ሰረዝ ምልክትም (_) ያስተካክላል፦ ማክና የ32 ቢት ዊንዶውስ ይጨምሩታል፣ ሊኑክስና የ64 ቢት ዊንዶውስ አይጨምሩትም። ለአርም አይሆንም፤ አልቆ ሊንክ የተደረገ ፕሮግራምንም ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ አያሻግርም።

ገደቡን ሳያውቁ መጠቀም ግን ቀናት ያስባክናል፤ የሚቀየረው መያዣው ነው፣ ኮዱ አይነካም። የ64 ቢት ዊንዶውስ የመጀመሪያዎቹን አራት ኢንቲጀር አርጉመንቶች የሚያሳልፈው በአርሲኤክስ፣ አርዲኤክስ፣ አር8 እና አር9 ሬጅስተሮች ነው። ሊኑክስና ማክ የሚጀምሩት ከአርዲአይ እና ከአርኤስአይ ነው። እነዚህን ሁለቱን በዊንዶውስ ላይ የተጠራው ፈንክሽን መጠበቅ አለበት፣ በሊኑክስ ላይ ግን እንደፈለገ ያበላሻቸዋል። ዊንዶውስ ጠሪው 32 ባይት ቦታ በስታክ ላይ እንዲተው ያስገድዳል። ስለዚህ የተቀየረው ፋይል ያለ ስህተት ሊንክ ይሆናል፣ ሲሮጥ ግን የማይረባ አርጉመንት ይደርሰዋል። የሶርስ ኮዱ በእጃችሁ ካለ በጂሲሲ ወይም በክላንግ ፈንክሽኑን በሌላው ሥርዓት ደንብ እንዲጠራ ምልክት አድርጋችሁ ኮምፓይል አድርጉት፣ ከዚያ ቀይሩት። የሲ++ ላይብረሪ ከሆነ የስም አጻጻፍ ደንቡም ስለሚለያይ ለሁሉም ፈንክሽን የሲ መልክ ያለው መግቢያ ሥሩለት፤ ካልሆነ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ይቀላል።

ሌሎች ሁለት መሣሪያዎች፦ ኤስሬክ-ካት እና ፍሮምኤልፍ

ኤስሬክ-ካት እንደ ኤልፍና ኮፍ ያሉ ኦብጀክት ፋይሎችን አያነብም። ሄክስ፣ ኤስ-ሪከርድና ባይነሪን ግን መቁረጥ፣ ማዋሃድ፣ መሙላትና ሲአርሲ (የማረጋገጫ ቁጥር) ማስገባት ላይ ኦብጅኮፒዎቹ አይስተካከሉትም። ቡትሎደርን (ቀድሞ የሚነሳውን ጫኚ ፕሮግራም) እና አፕሊኬሽንን በአንድ ፋይል ለማዋሃድ እሱን ያዙ። ሲአርሲ ስታስገቡ ክልሉን በቅድሚያ በ255 ሙሉ፤ የትእዛዞቹ ቅደም ተከተል ውጤቱን ይለውጣል፣ ቡትሎደሩ የሚያሰላውም ከክፍተቶቹ ጋር ነው።

ፍሮምኤልፍ ከአርም ኮምፓይለር ጋር የሚመጣ የንግድ መሣሪያ ነው። ኮምፓይለሩ ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ ለመቀየር ብቻ ብሎ ፈቃድ መግዛት አያስፈልግም። ከአንድ በላይ የመጫኛ ክልል ያለውን ፋይል ወደ ባይነሪ ሲቀይር በውጤቱ ስም ማውጫ ፈጥሮ ክልሎቹን በየፋይሉ ይጽፋል። አንድ ፋይል የሚጠብቅ ስክሪፕት እዚህ ላይ ይሰበራል፣ ያ ግዙፍ የዜሮ ፋይል ግን አይፈጠርም።

የትኛውንም ብትመርጡ ለፍላሽ የሚሄደውን እንዲህ ፈትሹት፦ ከኤልፉ አንድ ጊዜ ሄክስ፣ አንድ ጊዜ ባይነሪ አውጡ፤ ሄክሱን በዚያው «ጋፕ-ፊል» ወደ ባይነሪ መልሱና ሁለቱን ባይነሪዎች ባይት በባይት አነጻጽሩ።