«ሙሉ ኩሽና በሦስት ቀን» ለሚሏችሁ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት

ነሐሴ ሲጋመስ ባሕር ዳር ውስጥ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ማስታወቂያ አለ። «ሙሉ የኩሽና ካቢኔት፣ ውሃ የማይበግረው ኤምዲኤፍ፣ በሦስት ቀን ተገጥሞ ያልቃል፣ የአዲስ ዓመት ልዩ ቅናሽ» ይላል። ኤምዲኤፍ ከደቀቀ እንጨትና ከሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ ነው። አባይ ማዶ የምትኖረው እህቴ በዚህ ማስታወቂያ አሠራች፤ በዚያው ሕንፃ ያሉ ጎረቤቶቿም እርሷን አይተው ተከተሉ። ለእንቁጣጣሽ እንግዳ ሁሉ ያደነቀው ኩሽና ኅዳር ላይ በሩ አልገጥም አለ፤ የዕቃ ማጠቢያው ሥር እንደተነከረ ዳቦ አበጠ። ካቢኔቱን የሠራው ሰውዬ ሲደወልለት የሰጠው መልስ «ምጣዳችሁ ነው ያበላሸው» የሚል ነበር። እስቲ ምጣድ የማይጣድበትን የባሕር ዳር ኩሽና ያሳየን!

ልኬት ሊወስድ የሚመጣው ሠራተኛ ውስጡ አረንጓዴ የሆነ የሰሌዳ ቁራጭ ይዞ ነው የሚመጣው። «እትዬ፣ ይህ እኮ ጣና ውስጥ ቢያድር ምንም አይሆንም» ይላል። አረንጓዴው እርጥበት እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራው ሰሌዳ ከተራው እንዲለይ ፋብሪካ የሚጨምረው ማቅለሚያ ነው፤ ማቅለሚያው ራሱ ውሃ አይከለክልም። ትክክለኛው ሰሌዳ ቢሆን እንኳ የሚቋቋመው እርጥበትን ነው እንጂ ተኝቶ የሚያድርበትን ውሃ አይደለም። ይባስ ብሎ የተገጠመው በናሙናነት የታየው አልነበረም። ከእህቴ ካቢኔት የተነቀለውን በር ጠርዙን ስንልጠው ያገኘነው ቡናማ የእንጨት ፍርፋሪ ነው፤ በሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ተራ ቺፑድ። ከላይ ያለው ነጭ ልባጥ አንድ ዓይነት ስለሆነ ከተገጠመ በኋላ ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም።

ስለዚህ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ለእናንተ ከሚቆረጠው ሰሌዳ ላይ ትራፊ ጠይቁ። ውፍረቱን ለኩ፤ ብዙ ጊዜ 16 ወይም 18 ሚሊ ሜትር ነው። ውሃ በሞላ ጣሳ ውስጥ አሳድሩትና ጠዋት እንደገና ለኩት። ጠርዙ ተነፍቶ ፍርፋሪ ካወጣ የኩሽናችሁን የወደፊት መልክ አይታችኋል። ትራፊ አልሰጥም የሚል ሰውም መልሱን ሰጥቷችኋል።

ውሃ ወደ ሰሌዳ የሚገባው በፊቱ በኩል አይደለም፤ በጠርዙ ነው። ባለሙያዎቹ ኤጅ ባንድ የሚሉት የጠርዝ ልባጥ በማሽን በሙቅ ሙጫ ሲለጠፍ ይበረክታል፤ እነዚህ ሰዎች ግን በሚታየው ጠርዝ ላይ ብቻ በእጅ ለጥፈውት ይሄዳሉ። የበሩ የታች ጠርዝ፣ የካቢኔቱ ጀርባ፣ ለዕቃ ማጠቢያው የተቆረጠው ቀዳዳ ባዶአቸውን ነበሩ። በእኛ ቤት ደግሞ ወጥ ሰዓታትን ይፈላል፤ የምጣዱ እንፋሎት ጣሪያ ይነካል፤ አምባዛ ሲጠበስ ዘይቱ ግድግዳ ድረስ ይረጫል፤ ወለሉም ውሃ ፈስሶበት ነው የሚታጠበው። ካቢኔቱ በፕላስቲክ እግር ካልተነሣና መሬት ላይ ከተቀመጠ ያ የወለል ውሃ ሁሉ መጠጡ ነው። እጃችሁን ሰዳችሁ የበሩን የታች ጠርዝ ዳስሱ፤ ሻካራ ከሆነ አትረከቡ።

ስለ «ማርብሉ» ደግሞ አንድ ነገር ልበል። በቅናሹ ውስጥ የተካተተው የላይኛው ገጽ ማርብል ሳይሆን የማርብል ሥዕል ያለበት ተለጣፊ ፕላስቲክ ነው። ፒቪሲ የሚባለው ይህ ፕላስቲክ በ80 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከእሳት የወረደ ድስት ቀርቶ የፈላ ጀበና ብታስቀምጡበት ይሸበሸባል።

ዋጋውም ቢሆን የተነገረው ዋጋ አይደለም። «በሜትር ይህን ያህል» ሲሉ ሰሚው ግድግዳውን ያስባል። ሦስት ሜትር ግድግዳ ላላት እህቴ ሂሳቡ ሲመጣ የታችኛው 3፣ የላይኛው 3፣ በድምሩ 6 ሜትር ሆኖ መጣ። እጀታው ለብቻ፣ ማጓጓዣው ለብቻ። ቅናሹ የት እንደገባ እስካሁን አልገባኝም።

ገንዘቡን አስቀድመው 70 በመቶ ይቀበላሉ፤ ደረሰኝ የለም፤ የሚሰጡት ወረቀት ላይ የሰሌዳው ዓይነትም ሆነ የማስረከቢያው ቀን አልተጻፈም። ውል አጻጽፉ። የሰጣችሁት ገንዘብ ቀብድ መሆኑ በውሉ ከተጻፈ ደግሞ ሕጉ ይደግፋችኋል፤ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት፣ በሌላ አኳኋን ካልተስማማችሁ በቀር፣ ቀብድ ተቀባዩ ውሉን ካፈረሰ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እናንተ ካፈረሳችሁ ቀብዳችሁ ይቀራል፤ ስለዚህ ትንሽ ስጡ። ቀሪውን ከፋፍላችሁ፣ የመጨረሻውን ድርሻ ካቢኔቱ አንድ ወር ከተሠራበት በኋላ እንድትከፍሉ ተዋዋሉ። በሥራው የሚተማመን አናጺ በዚህ ይስማማል፤ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ እንዲህ የሚሠሩ ሰዎች አሉ።

ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያውኑ አዲስ ካቢኔት አያስፈልጋችሁም ባይ ነኝ። የድሮው ሣጥን ካልተነቃነቀ በሮቹን ብቻ አውልቁ። ቅባቱን በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ፤ በ180 ወይም በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ወዙ እስኪጠፋ ፈትጉ፤ ቀለሙ እንዲይዝ በቅድሚያ የሚቀባውን ፕራይመር ቀቡና ስስ አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ የዘይት ቀለም ደርቡ። ይህን በክረምት አትጀምሩት። የባሕር ዳር ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርድ ቀለም በደንብ አይደርቅም፤ ጥቅምትን ጠብቁ፣ እንግዳውም ይጠብቅ። እጀታ ስትገዙ በድሮው ላይ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀት ለክታችሁ ሂዱ፤ የተለመደው 96 ወይም 128 ሚሊ ሜትር ነው፤ ካልገጠመ አዲስ ቀዳዳ መብሳት ግድ ይሆናል። የላሉትን ማጠፊያዎች ቀይሩ። ለላይኛው ገጽ ከግራናይትና ከማርብል ቆራጮች ዘንድ ትራፊ ጠይቁ፤ ለትልቅ ሥራ የማይበቃ ቁራጭ ለአንድ ሜትር ኩሽና ይበቃል። በዕቃ ማጠቢያው ዙሪያ ሲሊኮን አስደርጉ። ምጣዱን ደግሞ ወደ መስኮቱ አስጠጉት፤ ምንም ወጪ የለውም።

ከፍላችሁ የተጎዳችሁ ካላችሁ የተላከውን ማስታወቂያ፣ የባንክ ማስተላለፊያውን ማረጋገጫና የመልእክት ልውውጡን አታጥፉ፤ የተነቀለውን በርም አትጣሉ። እህቴና ጎረቤቶቿ አብረው ሆነው ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ለማመልከት እየተዘጋጁ ነው። ማስታወቂያው አሁን በሌላ ስምና በሌላ ስልክ ቁጥር ወጥቷል፤ ፎቶግራፎቹ ግን አልተቀየሩም። በአንደኛው ላይ ነጭ ካቢኔት፣ ክብ አምፖሎች፣ በመስኮቱ በኩል ደግሞ በረዶ የለበሰ ዛፍ ይታያል።