ፎም መቁረጫዬ ከ8 ወር በኋላ

ጥር ላይ የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ ያመጣልኝ ዕቃ ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ በጋለ ሽቦ ፎም የሚቆርጥ ማሽን። የፍራሽ ፎም አይደለም፤ ቲቪና ፍሪጅ ታሽጎበት የሚመጣውን ነጩን ማለቴ ነው። ከሱ ኮረብታና ገደል እየሠራሁ ትንንሽ ወታደሮቼን አሰልፍበታለሁ። ጓደኞቼ "ዕቃ ዕቃ" ይሉታል። ይበሉ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አዳፕተሩ 220ውን ወደ 12 ቮልት ያወርዳል። ኤሌክትሪኩ በቀጭኑ የኒክሮም ሽቦ ሲያልፍ ሽቦው ይግላል፤ ፎሙም እየቀለጠ ይቆረጣል። በካተር ስትቆርጡት ፍሬ ፍሬ ሆኖ ይበተናል፣ ልብስ ላይ ይለጠፋል። የተረፈውን የቱሉ ዲምቱ ነፋስ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳዬ ወደ ጎረቤት ይወስደዋል። በዚህ ማሽን ግን አንድም ፍሬ አይወድቅም። ለዚህ ብቻ ስል እወደዋለሁ።

እጄ እስኪለምድ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። መጀመሪያ ቀን ሙቀቱን እስከ ጥግ አዞርኩት። ሽቦው ቀላ፣ ፎሙ ቦርቀቅ ብሎ ተበላ፣ ሽታው ደረጃውን ሞላው። የታችኛዋ ጎረቤቴ ወጥተው፣ "ልጄ፣ ምን እያቃጠልክ ነው? እኔ እኮ ሽሮዬ ያረረብኝ መስሎኝ!" አሉኝ። ሽቦው መቅላት የለበትም። ማዞሪያውን ግማሽ ላይ አድርጎ ፎሙን ቀስ ብሎ መግፋት ነው። ከቸኮላችሁ ሽቦው ይለጠጥና ቁርጡ ይጎብጣል። ቤት ውስጥ መስኮት ዘግቶ መሥራት ደግሞ አይታሰብም።

ደካማ ጎኑ ሞላው ነው። ሽቦ ሲግል ይረዝማል፣ እንዳይላላ የሚወጥረው እሱ ነው። አራተኛው ወር ላይ ደከመ። የእስክሪብቶ ሞላ ደረብኩበት፤ እስካሁን ይዞልኛል። ሽቦውም 3 ጊዜ ተበጥሷል፤ አብሮት የመጣው መለዋወጫ ግን 2 ብቻ ነበር። በሦስተኛው ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ ዘርግቼ ገጠምኩለት። ወፍራም ሽቦ ብዙ ከረንት ይስባል። አዳፕተሩ እንቁላል ይጠብሳል እስኪባል ጋለ፣ ሮጬ ነቀልኩት። በኋላ መርካቶ ሄጄ ቀጭኑን በሜትር ገዛሁ።

መብራት ሲጠፋ 12 ቮልት መሆኑ ጠቀመኝ። የጎረቤቴን የሞተር ባትሪ ተውሼ ግማሽ ቀን ሠራሁበት። ማታ ስመልስለት ሞተሩ አልነሳ አለው። ሁለተኛ አልጠየቅኩትም።

ፎሙን የሚያመጣልኝ የሰፈራችን ቆራሌው ነው። አንድ ቀን ከአሮጌ ፍሪጅ ግድግዳ የወጣ ቢጫ ፎም ይዞ መጣና "ወንድሜ፣ ይሄ ይሻልሃል፣ ጠንካራ ነው" አለኝ። ጠንካራስ ነው። ግን ፖሊዩረቴን ነው፤ በሽቦው አይቀልጥም፣ ያራል፣ ጭሱም መርዝ ነው። እሱን በጋለ ሽቦ እንዳትነኩት።

ማሽኑ ዋጋውን ያወጣልኝ የአድዋን ጦርነት ለጠረጴዛ ጨዋታ ስሠራ ነው። ጠረጴዛዬ 120 በ180 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ወታደሮቼ 28 ሚሊ ሜትር። ተራራውን በልኩ ልሥራ ብል ሶሎዳ ጣሪያውን በስቶ ይወጣ ነበር፣ ስለዚህ አሳጥሬዋለሁ። ያላሳጠርኩት ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኮረብታ ነገር ነው። ጣሊያኖቹ በያዙት ንድፍ ካርታ ላይ ስሙ ያለቦታው ተጽፎ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ንጋት ላይ ጄኔራል አልቤርቶኔ እውነተኛውን ኪዳነ ምሕረት ብሎ ጦሩን ይዞ ከሌሎቹ ጣሊያኖች ርቆ ወጣና ብቻውን የኢትዮጵያ ጦር መሃል ገባ። እኔም ቁርጥ መንትያ የሆኑ ሁለት ኮረብታዎች ሠራሁ። ጣሊያንን የያዘው ተጫዋች የቱ የቱ እንደሆነ አያውቅም። መንትያ ለማውጣት አንድ ዓይነት የካርቶን ቅርጽ ከፎሙ ላይና ታች በስፒል መውጋት፣ ከዚያ ሽቦውን ጠርዙን ይዞ መንዳት ነው። በእጅ እንዲህ አይወጣም።

ቀለም ላይ ተጠንቀቁ። የመጀመሪያ ኮረብታዬን በስፕሬይ ቀባሁት፤ ዓይኔ እያየ ተቦረቦረ። አሁን ኮላና ጥቁር የውሃ ቀለም ቀላቅዬ ሁለት ጊዜ እቀባለሁ። ሣሩ አረንጓዴ የተነከረ ሰጋቱራ ነው። አፈሩ የቡና አተላ ነው፤ በደንብ ሳይደርቅ ብትለጥፉት ይሻግታል። ሐምሌ ላይ አንድ ገደሌ ጸጉር አበቀለ።

አብሮት የመጣው ብዕር መሰል መቁረጫ የማይረባ ነው፣ ጫፉ ወዲያው ይጎብጣል። ያለሱ በርካሽ ካገኛችሁት ያለሱ ግዙ። አሁን ከአድዋ የሚቀረኝ ራእዮ ተራራ ነው። ፎሙ ግን አልቋል። ለዘመን መለወጫ ቲቪ የሚገዛ ጎረቤት እየጠበቅኩ ነው።