ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት፦ የተጠቃሚ አስተያየት

ስለ መሬትም ስለ ከተማም መከራከር የምትወዱ፣ እባካችሁ መጀመሪያ እዚህ ጎራ በሉ። ተቋሙ የተመሠረተው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ግቢው የጃንሆይ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ነው።

እኔን የያዘኝ የድሮ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። በታይፕ የተመታ፣ ወረቀቱ ቢጫ የሆነ፣ ዳር ዳሩ ላይ በእስክሪብቶ የታረመ። አንድ ወጣት ተማሪ ገጠር ወርዶ፣ ሽማግሌ ጠይቆ፣ የማንን ቃል መቼ እንደሰማ ሳይቀር መዝግቦ ያስቀመጠውን ታሪክ ሌላ የትም አላገኘሁትም። ሠራተኞቹም ጨዋ ናቸው። የምትፈልጉትን ስትነግሯቸው ተያያዥ ጽሑፍ ጭምር ይጠቁሟችኋል።

እዚህ የሽማግሌ ቃል ተሰምቶ ተመዝግቧል፤ በአደባባይ ግን ሁሌ እንዲህ አይደለም። ባለፈው ሌላ ቦታ የሕዝብ ውይይት ተብሎ ሄጄ ነበር። ተናጋሪዎቹ ሰዓቱን ጨረሱት፣ ለጥያቄ አሥር ደቂቃ ብቻ ተረፈ። ከፊቴ የነበሩ አንዲት እናት ስለ ሰፈራቸው መፍረስ ሊጠይቁ እጃቸውን እንዳነሱ ስብሰባው ተዘጋ። በጣም አናደደኝ፤ የሳቸው ጥያቄ ነበር የቀኑ ዋና ጉዳይ።

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ስትሄዱ መታወቂያ ያዙ። ጠዋት ግቡ፣ ቀኑ ሳታውቁት ያልፋል።